የቢሊሴ የኮሌጅ ፈተና

አሶሳ ገና የአዲስ ክልል ዋና ከተማ በሆነችበት ጊዜ፣ እዚያ ያለ አንድ ኮሌጅ ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጅ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ቢሊሴ ተመረጠች። አሥራ ሁለተኛ የምትማረው እህቷ ጋዲሴ ግን አልተመረጠችምና በቅናት አረረች።

ማክሰኞ ገበያ ላይ የኮሌጁ ሒሳብ መምህር ጋዲሴን አግኝቶ፣ የቢሊሴ ፈተና ከቅዳሜ ወደ ሐሙስ መዛወሩን ነገራት። "እነግራታለሁ" አለች፤ ለቢሊሴ ግን አልነገረቻትም።

ሐሙስ ጠዋት ቢሊሴ ልብስ እያጠበች፣ "ጋዲሴ፣ ለቅዳሜው ፈተና ጸልዪልኝ እሺ?" አለቻት።

ጋዲሴ አላስቻላትም። "ፈተናው ዛሬ ነው። ሰምቼ ደበቅሁሽ።"

ቢሊሴ የእጇን አረፋ እንኳ ሳትለቃለቅ ሮጠች። አርፍዳ ብትገባም አብረዋት ከተፈተኑት የኮሌጅ ተማሪዎች ሁሉ በለጠች።

ጋዲሴ ይቅርታ ለመነች፤ ቢሊሴም ይቅር አለቻት። አባታቸው ውጤቱን ለጎረቤት ሲያሳዩ ግን ጋዲሴን ያው ቅናት እንደገና ያዛት።