ስምንት ቀን ከጨዉ ባልዲ

«ዛሬ እንዴት አደረች?» አለኝ ሾፌሩ በስልክ።

«ደህና ናት። ትንሽ ተነጫንጫለች፤ ቁርስም ሳትበላ ወጣች።»

«ወጣች?!» ጆሮዬ ሊበጠስ። «መሬት ላይ ነው ያገኘሻት? ከመቼ ጀምሮ?»

«ምን መሬት ትላለህ፣ ሥራ ገባች እንጂ! በእግሯ ነው የሄደችው።»

ከጀርባው ወደ ቤቱ የሚመልሰው የአውቶቡስ ሞተር ያጉረመርማል። «እታለም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የምጠይቅሽ ስለ ዓሣዋ ነው።»

እኔ ደግሞ የነገርኩት ስለ ሚስቱ ነው። ስምንት ቀን ከቤቱ ርቆ የከረመ ባል በጠዋት ደውሎ «እንዴት አደረች» ሲል፣ ሰው ምን ያስብ?

ጎረቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ መስመሩ ሲዘጋ ቁልፉን አስረክቦ ቤት የዋለ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ከየት እንደመጣበት እንጃ፣ የባሕር ዓሣ ላርባ ብሎ ተነሣ። ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ አቆመ፤ ጨው በጥብጦ ሞላ፤ በሦስተኛው ቀን አራት ዓሣ ጨመረበት። ሳምንት ሳይሞላቸው አራቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ለካ ውሃውም እንደ ሊጥ ጊዜ ይፈልጋል። የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉ፣ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪበዙ መጠበቅ ግድ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ብቻ ያለበት ገንዳ ፊት ተቀምጦ ጠበቀ። እኛም በሕንፃው «ድንጋይ አርቢው» አልነው። ስቆ አለፈን።

ከዚያ በኋላ ያስገባቸው ግን ኖሩለት። ሁለት ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ ዓሦች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ገላዋ እንደ ላስቲክ የሚያሳይ፣ አንቴናዋ ከራሷ የሚረዝም ሽሪምፕ የሚሏት አንዲት ባለ ቅርፊት ትንሽ ፍጥረት አለች። ሽሪምፗ ፍርፋሪ ስለምትለቅም «ጽዳቷ» አላት። ትልቁን ዓሣ ደግሞ «አባወራው» አለው። ኋላ ላይ የዚህ ዘር ትልቋ ሴቷ መሆኗን ሲያነብ፣ ሚስቱ «የቤቱ አባወራ ማን እንደሆነ ዓሣ እንኳ ያውቃል» ብላ ሦስት ቀን ሳቀችበት።

የዛሬው ግን ሳቅ አልነበረም። ሁለት መንገድ አልፎ ክሊኒክ ያላት የልጆች ሐኪም ለመጠበቂያ ክፍሏ የዓሣ ገንዳ ፈልጋለች። በአሥር ሰዓት መጥታ ልታይ ነው። ከወደደችው ገንዳው ክሊኒኳ ይገባል፣ ተንከባካቢውም እሱ ይሆናል። ከአውቶቡሱ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው። ለዚሁ ሲል ወደብ ያለ አንድ ባለሙያ ዘንድ ስምንት ቀን ሊማር ሄደ። ሚስቱ ማልዳ ላውንደሪ ልብስ ልትተኩስ ስለምትገባ፣ ቁልፉን ግድግዳ ለምንጋራው ለእኔ፣ ለመጋረጃ ሰፊዋ፣ ሰጠኝ።

«እሺ፣ ዓሣዋስ?» አለኝ።

ወደ መስታወቱ ቀረብኩ። «ትንፋሿ ፈጠን ፈጠን ይላል። አራት ፎቅ የወጣች ትመስላለች።»

«መለኪያውን አጥልቂና መርፌው የት እንደቆመ ንገሪኝ።»

የጨው መለኪያው መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ሣጥን ናት፤ ውሃ ሲሞላባት ውስጧ ያለው መርፌ ይነሣል። ሃያ አምስት ላይ መቆም ነበረበት።

«ሠላሳ» አልኩት።

«ሠላሳ?!» አለ። ከዚያ፣ «ሲጎድል ከየትኛው ባልዲ ነው የሞላሽው?»

«ከሰማያዊው። ከጨዉ ነዋ! የባሕር ዓሣ አይደሉ?»

«ከነጩ፣ ከንጹሑ ሙዪ አላልኩሽም? የሚተነው ውሃው ነው፣ እታለም። ጨዉማ የት ይሄዳል? እዚያው ነው!»

ብሎኛል። እኔ ግን አራት ዓሣ የፈጀ ሰው ነው፣ ይሄንንም ተምታቶበት ነው ብዬ አረምኩለት። እሳት ላይ የቆየ ሾርባ ጨው እንደሚበዛበት ሠላሳ ዓመት የማውቅ ሴት፣ ስምንት ጠዋት ሙሉ በገዛ እጄ ጨው በጨው ላይ ስጨምር ከረምኩ።

«አሁን ነጩን ባልዲ ልገልብጠው?»

«እንዳታደርጊው! በአንዴ ከቀጠነባቸው እሱም ይገድላቸዋል፣ ሽሪምፗን በተለይ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ኩባያ ቀድተሽ ድፊ፣ በምትኩ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ፓምፑ አጠገብ አንጠባጥቢ። እስከ አሥር ሰዓት ሃያ ስምንት ከደረሰ ይበቃል፤ የቀረውን እኔ...»

መስመሩ ተቆረጠ።

ሦስት ሰዓት ነበር። ስፌቴን ትቼ ወንበር ሳብኩ። ኩባያ መቅዳት፣ ኩባያ ማንጠባጠብ፣ ሰዓት ማየት። ሩብ ሰዓት ይህን ያህል እንደሚረዝም በሕይወቴ አላውቅም ነበር። አምስት ሰዓት ላይ መርፌው ከሠላሳ የወረደው የፀጉር ያህል ነው። እጄ ሁለት ኩባያ፣ ሦስት ኩባያ ሊደርብ ይከጅለዋል። ዓሣዋ በጎን ዓይኗ እያየች አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ ስድብ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሚስቱ ገባች። ስነግራት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነጩን ባልዲ አነሣች።

«እነሱ ሲያጣጥሩ አንቺ በኩባያ ትጫወቻለሽ?»

«አስቀምጪው!»

«የተጠማ ሰው በማንኪያ ይጠጣል እንዴ?»

«ባልሽ ነው ያለው።»

«ባሌማ አራት ገድሏል!»

ባልዲውን ወዲህና ወዲያ ይዘን ተፋጠጥን። ውሃው እግራችን ላይ ይፈሳል። ከዚያ እጇ ላላ።

«ይሄ ሥራ ካመለጠው እኮ...» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አንቺ አላየሽውም። መስመሩ የተዘጋ ሰሞን ጠዋት ይነሣል፣ ዩኒፎርሙን ይለብሳል፣ ጫማውን ያስራል፤ ከዚያ የትም ሳይሄድ እዚህ ወንበር ላይ እስከ ምሳ ይቀመጣል። እንደገና እንደዚያ ላየው አልችልም።»

ባልዲውን አስቀመጠች። ኩባያውን ከእጄ ወስዳ፣ «ተራዬ ነው» አለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን መርፌው ሃያ ስምንት ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጽዳቷን ያየናት ያኔ ነው። አሸዋው ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ገርጥታለች፤ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ወዲያ ወዲህ ያንከባልላታል፣ እሷ ግን አንድ እግር አታነሣም።

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው።

«ሴትዮዋ ሳትመጣ እናውጣት» አለች ሚስቱ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

በሩ ተንኳኳ።

«አንድ ታካሚ ቀረብኝና ቀደም ብዬ መጣሁ፤ ይቅርታ» አለች ሐኪሟ፣ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ። ወንበር ስንሰጣት አልተቀመጠችም። መነጽሯን አድርጋ መስታወቱ ፊት ጎንበስ አለች። እኛ ከኋላዋ እርጥብ ጫማችንን እያየን ቆምን። ትልቋ ዓሣ ወደ እሷ መጣች፤ ትንፋሿ ጋብ ብሏል፣ ጨርሶ ግን አይደለም።

ሐኪሟ ወደ አሸዋው ጠቆመች። «ይህችስ ምን ሆና ነው?»

ሚስቱ እኔን አየችኝ። «ተኝታ ነው» ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ነገ ክሊኒኳ ውስጥ ሌላ ቢሞት፣ የዛሬዋም ተደምራ በእሱ ልትላከክ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ዶክተር» አልኩ። «ከንጹሑ ሙዪ ብሎኝ ስምንት ቀን ከጨዉ ሞላሁ። ከሠላሳ እዚህ ያወረድነው እሱ በስልክ መርቶን ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።»

«ስምንት ቀን» አለች።

«ስምንት።»

«ሁለቱ ግን አሉ።» ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ፊቷ እንደ ግድግዳ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ሚስቱም ትስማው ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ አነሣሁ።

«እታለም! ኔትወርክ የለም ነበር። እንዴት ናቸው?»

«ጽዳቷ ሞተችብን።»

«ሞተች? ቆይ፣ ጀርባዋ ላይ ተሰንጥቋል? ውስጧ ባዶ ነው?»

ሐኪሟ እንደገና ጎንበስ ብላ አየችና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ባዶ ነው» አልኩት።

«ቅርፊቷን ነዋ የጣለችው! ውሃው ሲለዋወጥባት ልብሷን ቀየረች። ራሷ ድንጋዩ ሥር ናት፤ አዲሱ እስኪጠነክርላት አትወጣም።»

ሚስቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እኔ «ቆይ፣ ስማኝ...» ልል አፌን ብከፍት እሱ ቀደመኝ፤

«ዝም ብለሽ ስሚኝ! ዶክተሯ ከመድረሷ በፊት ቅርፊቱን ልቀሚና ጣይው። ስለ ጨዉ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ይሄ ገንዳ አንድ ቀን እንኳ እክል ገጥሞት አያውቅም በያት። ገባሽ?»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እኔ ደርሻለሁ» አለችው። «እርስዎስ የት ደረሱ?»