ያልማለው ወንድም

ኤሜሪክ ከቦሎኛ የተመለሰው የወይን ለቀማ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነበር። በቅሎው ከሞዘል ወንዝ ዳር የሚነሳውን ዳገት እያለከለከች ወጥታ ዶርንፌልስ ግንብ ደጃፍ ስትደርስ፣ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፈተለት። የውስጡ ግን ንቅንቅ አላለም።

በር ጠባቂው ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት እያየ፣ «ጌታዬ፣ ሲሄዱ ልጅ ነበሩ፤ አልማሉም» አለው። «ያልማለ ደግሞ ከዚህ በር ወዲያ አያድርም።»

«የተወለድኩት እኮ እዚያ ውስጥ ነው!»

«እሱንማ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ኤሜሪክ ሳቁ መጣ። ያን ያህል ዓመት ሕግ ሲማር ኖሮ፣ በገዛ ቤቱ ደጅ ላይ በአያቶቹ ልማድ ተያዘ። በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው የእንግዳ ክፍል ገለባ ተነጠፈለት። ቀን ቀን ገብቶ ሊበላና ሊጠጣ ይችላል፤ ማታ ይወጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሁሉም ፊት ይምላል፤ ከዚያ ያበቃል።

ዶርንፌልስ አንድ ግንብ ይባል እንጂ ሁለት ቤት ነው። የላይኛው የታላቅ ወንድሙ የጌርላህ፣ የታችኛው የአጎታቸው ልጅ የዲተር። አጥሩ አንድ፣ በሩ አንድ፣ ጸሎት ቤቱ አንድ። ግቢው ከመጥበቡ የተነሳ የአንዱ ቤት ሾርባ ሲያር የሌላው ቤት ሰው ያስነጥሰዋል። ከዘሩ ወንድ የሆነ ሁሉ ለአካለ መጠን ሲደርስ በውስጡ በር ላይ እጁን ጭኖ ይምላል። በዚህ አጥር ውስጥ በዘመዴ ላይ እጄን አላነሳም፣ ድርሻውንም አልነካም ይላል። ያፈረሰ ድርሻው ይወሰዳል፤ ዳግመኛም በሩን አይረግጥም።

በማግስቱ መጀመሪያ የመጣው ዲተር ነበር። እንደ ድሮው ወፍራም፣ እንደ ድሮው ጯሂ።

«ጣልያኑ! ተኝተህ ነው ወይስ እየተመራመርክ? ግማሽ ዓለም ዞረህ ስትመጣ ከበቅሎህ ጋር አሳደሩህ አሉ!»

«ከአንዳንድ ዘመዶቼ እሷ ትሻላለች።»

«አፍህንማ በደንብ ስለውልሃል!» ዲተር እየሳቀ ጀርባውን መታው፤ በጢስ የደረቀ ዓሣም ጣለለት። «ብላ። የወንድምህ ቤት እንደሆነ ዘንድሮ ፊት እንጂ ምግብ የለም።»

ኤሜሪክ ይህ ለምን እንደተባለ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ጌርላህ ይዞት ወጣና የዝናብ ውሃ ገንዳውን አሳየው። ከታች አረንጓዴ ጭቃ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ሰማዩ ከተዘጋ ሰነበተ» አለ ጌርላህ። «የውሃ ጉድጓዱ ያለው ታችኛው ቤት ግቢ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ዲተር ወገብ ላይ። ተራችን ሲደርስ ቁልፉ ይጠፋበታል፤ ሲያገኘው ተራው አልፏል። ሚስቴ ከነእርግዝናዋ ከወንዝ ውሃ ትቀዳለች። ይህን እያየሁ እስቃለሁ?»

«ጋሼ፣ ለምን አትከሰውም?»

«እኔ? የታናሹን ቤት ከስሼ እንደ ገበሬ፣ ሽማግሌ ፊት ልቁም?» ጌርላህ ጭቃው ላይ ተፋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ቅዳሜ ጠዋት ዲተር ሰዎቹን ይዞ ኮብለንትስ ገበያ ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ ሚስቱና ወጥ ቤቷ ብቻ ይቀራሉ። እኔ ብገባበት ድርሻዬን አጣለሁ። አንተ ግን እስከ እሑድ አልማልክም።»

ኤሜሪክ ወደ ታችኛው ቤት በር ተመለከተ።

«ደም የለበትም፣ ምንም የለበትም። ሴቶቹን በክብር ታስወጣለህ፤ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለህ። ሲመለስ የምደራደረው እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ለእኔ፣ የታችኛው ማማና ክፍሎቹ ለአንተ። ካለበለዚያ ታናሽ ነህ፤ ምን አለህ? የማትወደውን የሰው ዳዊት እየደገምክ ልትኖር ነው?»

ወንድሙ የነካው የሚያመውን ቦታ ነበር። ኤሜሪክ ቅስናን አይፈልግም። ወደ ቦሎኛም መመለስ አይፈልግም፤ እዚያ ሳለ ቤቱን ሲያስብ፣ እዚህ ከመጣ ደግሞ እዚያን ሲያስብ ነው የከረመው። የራሱ በር ያለው ማማ ከዚህ በፊት ማንም ሊሰጠው አስቦ አያውቅም። እናም የመሐላውን ቃል እንደ ሕግ ሰው አገላብጦ አየው። ቀዳዳ ነበረው፤ ጌርላህ አልተሳሳተም።

«በሕግ ያስኬዳል» አለ በመጨረሻ። ይህን ሲል የራሱ ድምፅ አላማረውም።

«አውቅ ነበር! አናጢው መቀርቀሪያውን ጨርሷል፤ ከኋላህ አስገባልሃለሁ።»

«መቀርቀሪያ? ቤቱ የራሱ የለውም?»

«ከየት አምጥቶ? እዚህ ግቢ ውስጥ መቀርቀሪያ ያለው በር አይተህ ታውቃለህ?»

እውነትም አላየም። ያን ቀን እየዞረ ተመለከተ። የውጭው አጥር ስድስት ሰው ቢተኛበት የሚበቃ ውፍረት አለው፤ የውጭው በር በብረት የታሰረ ነው። ከውስጥ ግን የወንድሙም ቤት፣ የዲተርም ቤት፣ ጓዳውም ጭምር በአንድ ጣት ተገፍቶ የሚከፈት ነው። ቦሎኛ ተከራይቶ የኖረው አንድ ማማ ሥር ነበር። እዚያ ባላባቶቹ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ማማ ሲያንጹ፣ አንዱ ሲያስረዝም ሌላው ይበልጥ እያስረዘመ ኖረው፣ በኋላ ብዙዎቹ ማማዎች ተቆርጠው ጉቶ ሆነው ቀርተዋል። ተማሪ ሳለ ያስቀው ነበር።

ዓርብ ዕለት ዮታ ዘንድ ወጣ። የአያቱ እህት ናት፤ ከሁለቱም ቤት ሳትሆን ከጸሎት ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ለክረምት የሚደርቅ ትንንሽ ፖም እየላጠች አገኛት።

«እማማ፣ ይህ ግንብ ለምን ተሠራ?»

«ሕግ ተምረህ መጥተህ ይህን ትጠይቀኛለህ? ለገንዘብ ነዋ! ከታች የሚያልፍ ጀልባ ሁሉ እንዲከፍል።» ቢላዋዋን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «የሚከፍለው ሲበዛ የሚቀናው በዛ፤ ግድግዳው ወፈረ። ግድግዳው ሲወፍር አገሩን የሚገዛው ጳጳስ ተቆጣ። ሲከበን እኔ ያቺን የጌርላህን ትንሿን ልጅ አክል ነበር። ድንጋይ ይወረውሩብናል፤ እኛ ልጆቹ እየሮጥን እንለቅማለን። ጨዋታ ነበር። ግድግዳው ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ አልፈራችሁም?»

«ፈራን እንጂ። አባቴና ወንድሙ በውሃ ተጣልተው አንዱ በሩን የቀረቀረ ቀን ፈራን። ከውጭ ጳጳስ፣ ከውስጥ ወንድም። የትኛውን ትጠብቃለህ? እናቴና የጭሰኞቹ ሚስቶች ወጥተው ግቢው መሃል ተቀመጡ፤ አንጋግርም፣ አንቀቅልም አሉ። በረሃቡ ሦስተኛ ቀን ወንዶቹ እየተሳደቡ ወጡ። ሴቶቹ ታዲያ የቤቱን መቀርቀሪያ ሁሉ ነቅለው ለማገዶ አደረጉትና በዚያ እሳት ሾርባ ሠሩ። ሳይምል ያን ሾርባ የቀመሰ ወንድ የለም፤ መሐላው የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ጳጳሱ ራሱ ደከመውና ታርቆ ሄደ።»

«ዲተር ግን ምሎም ውሃ ይከለክላል።»

«ባለጌ ነዋ! ሁሉም መልካም ሰው ቢሆን ማን ያስምለው ነበር?»

«ጌርላህስ?»

«ኩሩ ነው። የማለ ሰው ሌላውን የማለ ሰው መክሰስ ይችላል፤ ከከሰሰ ደግሞ ነገሩ እስኪታይ የተጣሉበት ነገር እኔ ዘንድ ይቀመጣል። እሱ ግን ከምከስ ጭቃ ብጠጣ ይሻለኛል አለ። አባትህም እንዲሁ ነበር፤ አፈሩ ይቅለለውና።» ቀና ብላ አየችው። «አንተ ልጅ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«አላወቅኩም፣ እማማ።»

እውነቱን ነበር። በር ላይ የተባለ ቃል የሰው እጅ ይይዛል ብሎ ማመን ከብዶታል። መቀርቀሪያ የተገጠመበት ቤት ግን በማግስቱ ሌላኛውም ቤት መቀርቀሪያ እንደሚያስገጥም፣ ከዚያም ጸሎት ቤቱ፣ ከዚያም ጓዳው እንደሚከተል፣ ይህን ለማመን እምነት አላስፈለገውም። ቦሎኛ ዓይቶታል።

ቅዳሜ ጠዋት የዲተር ፈረሶች ተጭነው ግቢው መሃል ቆሙ። ጌርላህ ከቤቱ በራፍ ላይ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ኤሜሪክ ከእንግዳ ክፍሉ ወጣና የውስጡ በር ውስጥ ቆመ፤ ፈረሶቹ ማለፊያ አጡ።

«አባ!» ብሎ ወደ ጸሎት ቤቱ ተጣራ። «መስቀሉን ይዘው ይምጡልኝ። ልምል ነው።»

ቄሱ ቁርሳቸውን እያላመጡ ብቅ አሉ። «ነገ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እስከ ነገ ራሴን አላምነውም።»

ዲተር ከኮርቻው ላይ ሆኖ ከት ብሎ ሳቀ። «ይማል፣ ይማል! ገለባው በልቶታል!»

ጌርላህ ግን አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ቆመ። ዮታ በመስኮቷ አንገቷን አወጣች። ኤሜሪክ እጁን በቀዝቃዛው እንጨት ላይ ጭኖ ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለው። የሚናገረውን ሙሉ በሙሉ አላመነበትም፤ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እንኳን ደህና ገባህ፣ የአጎቴ ልጅ» አለ ዲተር። «አሁን በሩን ልቀቅልኝ።»

«ቆይ። የሁለቱም ቤት አባወራዎች እዚህ አሉ። ዲተርን በጉድጓዱ እከስሳለሁ። የላይኛውን ቤት ተራ ከልክሏል።»

ሳቁ ከዲተር ፊት ላይ ተገፈፈ። «አሁን ምለህ፣ አሁን ትከሰኛለህ? ዓሣዬን በልተህ?»

«ለዚህ ነው የማልኩት።»

«ውሻ!»

«እሱንም እዚህ ውስጥ ማለት አትችልም መሰለኝ» አለ ኤሜሪክ።

«ቁልፉን አምጣ፣ ዲተር!» ጮኸች ዮታ ከላይ። «ነገሩ እስኪታይ እኔ ዘንድ ነው። እስክወርድ እንዳታስጠብቀኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል!»

ዲተር ሰዎቹን አየ፣ ጌርላህን አየ። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ድንጋዩ ላይ ወረወረውና ፈረሱን በኤሜሪክ ትከሻ አጠገብ አሳልፎ ወጣ።

ቄሱ ቁልፉን አንስተው ወደ ዮታ ወጡ፤ እሷም ጉድጓዱን አስከፈተች። የጌርላህ ሚስት በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው ባልዲዋን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ጌርላህ ከበራፉ አልተነሳም።

«ማማ ሰጥቼህ ነበር» አለው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እና በሰው ፊት እንደ ሴት ከሳሽ አደረግኸኝ።»

«የከሰስኩት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም።»

ጌርላህ ጡጫውን ጨበጠ። በዚህ ግቢ ውስጥ አሁን ሁለቱም የማሉ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን መምታት እንደማይችል ያውቃሉ። ግባም አላለው፣ ውጣም አላለው። ኤሜሪክ ትክክል ሠርቶ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። ገለባ የተጣበቀበትን ካባውን አራገፈ፣ በወንድሙ ትከሻ አጠገብ በጎን አለፈና የላይኛውን ቤት ደረጃ ወጣ።