ካርታ የመሰለችው ቅጠል

ወጣቱ አገኘሁ ፎቶዋን ከፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሲሰቅላት አሠሪው አቶ አስናቀ ሁለተኛዋን ካሜራ ይዘው ዱርቤቴ ሰርግ ሊያነሡ ሄደው ነበር። ቢኖሩማ አይሞክራትም። መስኮቱ የሙሽሮች፣ የምሩቃንና የክርስትና ሕፃናት ነው። አገኘሁ ግን አንዷን ሙሽራ ከመኻል አነሣና በቦታዋ የዋንዛ ቅጠል አስቀመጠ።

ቅጠል ናት ቢሉትስ ማን ያምናል። ትሉና እርጥበቱ ሥጋዋን ጨርሰው ጅማቷን ብቻ ያስቀሩላት ናት፤ ያም ሙሉዋ ሳትሆን ጥፍር የምታህል ቁራጯ። ያነሣት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ተንበርክኮ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ካልመጣለት ወዲህ እንጀራው ጉርድ ፎቶ ማንሣትና ጨለማ ክፍል ገብቶ ማጠብ ሆኗል። ከፊልሙ ጫፍ የምትተርፈውን ግን አቶ አስናቀ ለሱ ትተውለታል። በዚያች ትርፍ ዜኒት የምትባለውን ካሜራ ሌንስ ይፈታና ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጦ በእጁ ደግፎ ይይዘዋል። እንዲያ የተገለበጠ ሌንስ ሩቁን አያይም፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ግን አጉልቶ ጉድ ያወጣል። በዚህ ዘዴ የደንገሉን ግንድ ውስጡን፣ የጣናን ዳር ጭቃ ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን፣ የአደይ አበባን ቢጫ ብናኝ ሲለቅም ከርሟል። ሰው ሁሉ ሐይቁን ሊያይ ቀና ሲል እሱ አጎንብሶ ነው የሚውል። ብቻውን ስለሚዞርም የሰፈሩ ልጆች ምን እንደጠፋበት እየጠየቁ ይስቁበታል።

ሌሎቹን ፎቶዎች መሳቢያ ውስጥ ከቷቸው ነበር። ይህችን አልቻለም። ከማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለች ስትገለጥለት፣ ከመኻሉ አከርካሪ ጅማቱ እየተሰነጠቀ፣ ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ እየወለደ፣ እስከ ጠርዝ ድረስ አንድ ክር ሳይደበዝዝ ሲወጣ አጎንብሶ ክሮቹን ይቆጥር ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር በባሕር ዳር ማንም አላነሣም ብሎ አሰበ። እውነቱንም ነበር።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አብዮት ጥበቃው አበራ ጠመንጃውን አንግቶ ሲያልፍ መስኮቱ ፊት ቆመ። ራሱን ወዲህም ወዲያም አዘነበለ። ከዚያ ገባና ፎቶዋንም፣ ካሜራዋንም፣ አገኘሁንም ይዞ ወጣ። የፎቶ ቤቱን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገብረ መስቀል ከሊቀ መንበርነታቸው በፊት በሽመና ማሽን ላይ የኖሩ፣ ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። አበራ ፎቶዋን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋና በጣቱ ያስረዳቸው ጀመር። ትሉ የበላው ሽንቁር ለሱ ጣና ነው። ከሱ የሚወጣው ወፍራሙ መስመር ዓባይ፣ የሚያቋርጠው ድልድዩ፣ ቀጥ ያለው ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው። ካየር ላይ የተነሣ ካርታ ነው፤ ሰላይ ቢያየው ከዚህ ሌላ አይፈልግም።

"ይህችስ ጥቁሯ ነጥብ?" አሉ ሊቀ መንበሩ።

"እሷን ገና እያጠናናት ነው።"

ሊቀ መንበሩ ወደ አገኘሁ ዞረው አየር ላይ ማን እንዳወጣው ጠየቁት። አገኘሁ መልስ ሳይሰጥ በሩ ተከፈተና አቶ አስናቀ የመንገዱን አቧራ እንደለበሱ ገቡ። ፎቶ ቤታቸው መቆለፉን ከጎረቤት ሰምተው ነው የመጡት። ፎቶዋን አንዴ አዩዋት፤ ነገሩም ወዲያው ገባቸው።

"የተበላሸ ፎቶ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አሉ እጅ እየነሡ። "ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ነው። ልጁ እንደሆነ ሕልመኛ ቢጤ ነው፤ የተበላሸውን ከደኅናው አይለይም።"

የሊቀ መንበሩ ፊት ፈታ አለ። ጣጣውን እሳቸውም አልወደዱትም። ተበላሽቶ ከሆነ ይቀደድና ልጁም ካሜራውም ይሂዱ አሉ። ካልሆነ ግን ነገሩ ወደ አውራጃ ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ በሳቸው እጅ አይደለም።

"ተበላሽቶብህ ነው?" አሉት።

አቶ አስናቀ በዐይናቸው ለመኑት። አንዲት "አዎ" ነበረች የምትፈለገው። አገኘሁ አውራጃ ሄዶ በቶሎ ያልተመለሰ ሰው ያውቃል። ፎቶዋን አየ። ሊቀ መንበሩ ሊቀድዷት ጫፏን ይዘዋታል።

"አልተበላሸም" አለ። "እንዳሰብሁት ነው የወጣ። እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ ካየር ላይ ሳይሆን ከዚሁ ከበርዎ፣ ከዋንዛው ሥር።"

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አሉ አቶ አስናቀ በሹክሹክታ፤ ወንበር ስበውም ተቀመጡ።

አበራ ውሸቱን ነው አለ። አገኘሁ ካሜራውን ለአፍታ ቢሰጡት እንደሚያሳያቸው ተናገረ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ሊቀ መንበሩ ትንሽ አሰቡና ፎቶዋን ይዘው ተነሡ።

ግቢው ውስጥ የስኳር ሰልፍ ነበር። አገኘሁ ከዋንዛው ሥር እርጥቡን ቅጠል ሲገለባብጥ ቆየና ጅማቷ የቀረ አንዲት አገኘ። ድንጋይ ላይ ዘርግቶ ሌንሱን ፈታ፣ ገለበጠ፣ ደገፈ። ከዚያ ሊቀ መንበሩን ዝቅ እንዲሉ ጠየቃቸው። ገና ነው አላቸው። አሁንም ገና ነው። በመጨረሻ ጓድ ገብረ መስቀል ሱሪያቸው ጭቃ ነክቶ በጉልበታቸው ተደፉ።

"ምነው፣ ሊቀ መንበሩ ንስሐ ገቡ እንዴ?" አለች ከሰልፉ አንዷ።

እሳቸው አልሰሟትም። ዐይናቸውን ከካሜራዋ ላይ ተክለው ቀሩ። አገኘሁ ሌንሱን ሲያስጠጋ ትንፋሻቸውን ዋጥ ሲያደርጉ ተሰማው፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ድርና ማግ አይቻለሁ" አሉ። "እንዲህ ያለ አላየሁም። ስረግጠው ነው የኖርሁ?"

ፎቶዋን ከቅጠሏ ጎን አስቀምጠው አንዱን ከአንዱ ሲያስተያዩ ቆዩ። አበራ ግን አላመነም። ይኸኛው ቅጠል መሆኑን ማንም ያያል፤ ያኛው ነው ካርታ አለ። ሊቀ መንበሩ ራሱ እንዲያይ አዘዙት። ጠመንጃውን ዛፉ ላይ አስደግፎ ተንበረከከ፤ ወዲያው ደግሞ እንደተቃጠለ ሰው ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

"በሬ የሚያህል ነገር መጣብኝ!"

"ጉንዳን ናት" አለ አገኘሁ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ባልቴት ደግሞ ተራቸውን ትተው እኔም ልይ ብለው መጡ፤ ከሳቸው ኋላ ሌላ ተከተለ። አገኘሁ ክንዱ እስኪዝል ድረስ ሌንሱን ደግፎ ለሁሉም አሳየ። ሲያዩ ምን እንደሚሉ እንጂ ክንዱ ትዝ አላለውም።

ሰልፉ እንደገና ሲያዝ ሊቀ መንበሩ ወደ ቢሯቸው መለሱት። ፎቶዋ መስኮቱ ላይ ትዋል ብለው ፈረዱ፤ ግን ስም አልባ ነገር አይሰቀልም። ምን እንደሆነች ይጻፍባት፣ ያነሣትም ሰው ይጻፍ፤ ነገ ነገር ቢመጣ የሚጠየቀው እንዲታወቅ።

አቶ አስናቀ ፊታቸው ጠቆረ። ከሳቸው ቤት የወጣ ፎቶ ሁሉ የቤቱን ማኅተም ጀርባው ላይ ይዞ ነው የሚሄድ፤ የሠራተኛ ስም የሚባል ነገር አርፎበት አያውቅም። የሚጠየቅ ሰው ሲባል ግን ብዕሩን ራሳቸው አቀበሉት።

አገኘሁ ብዕሩን ተቀብሎ በወረቀት ቁራጭ ላይ፣ ፊደሉን እያሳመረ፣ "የዋንዛ ቅጠል" ብሎ ጻፈ። ከሥሩም፦ አገኘሁ መርስዔ ኀዘን ወልደ ሐዋርያት።

አበራ በትከሻው ላይ አንብቦ "አያትህንም ልንጠይቃቸው ነው?" አለው።

"ጠይቋቸው፤ ዘጌ ናቸው" አለ አገኘሁ፤ ቀለሙ እንዲደርቅም እፍ አለበት። "ደስ ይላቸዋል።"