ሠላሳ ቁጥር ዘይት

አገርነሽ በባሕር ዳር ከተማ ታክሲ የምትነዳ ሴት መሆኗ ሰዉን ያስገርመው ነበር፤ የሚያስቀው ግን ከጎኗ የሚቀመጠው ባሏ ነው። ክንዱ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የፈጀ ሾፌር ነበር። ዐይኑ ሲጠፋ መሪውን ለሚስቱ አስረክቦ፣ እሱ በጆሮው መንዳት ጀመረ።

«ማርሽ ቀይሪ!» ይላታል።

«ቀየርሁ እኮ!»

«ዘገየሽ!»

ተሳፋሪው በሳቅ እየፈረሰ ይወርዳል። ክንዱም የፊት ወንበሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ለሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ ማን እንዳለፈ የሚያውቀው በኮቴው ነው። ያቺ ወንበር ባትኖር ኖሮ ይህ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ከመሞቅ ሌላ ምን ሥራ ነበረው?

ታክሲዋ ትንሽ ሴይቼንቶ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። ያን ዓመት ክረምት ላይ ሞተሩ ወርዶ፣ የውስጥ ዕቃው ሁሉ በአዲስ ተለውጦ፣ ልክክ ብሎ ተገጥሞ ነበር። ይሁን እንጂ መኪናዋ አልቀናትም። ጧት ጧት ለመነሣት ታቃስታለች፤ ከተነሣችም በኋላ ውስጧ ይንቋቋል፤ ትንሽ ዳገት ስታይ ወገቧ ይያዛል።

ጥፋቱ የዘይት ነበር፤ ዘይት መራጩ ደግሞ ክንዱ። መሸንቲ አጠገብ ከንብ አናቢ ቤት የተወለደ ሰው ስለሆነ ዘይትንም የሚመርጠው እንደ ማር ነው። ጣቱን ይነክራል፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ያሸዋል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ጣቶቹን ያላቅቃል። ካልተሳበለት ፊቱን ያጨፈግጋል። «ይኼማ ውሃ የገባበት ነው!» ይላል። ለዚያ ውስጡ ላለቀ አሮጌ ጭነት መኪናው ወፍራም ዘይት ባለውለታው ነበርና፣ ለሴይቼንቶዋም ያንኑ ሃምሳ ቁጥር ያጠጣት ነበር። ሞተሩን የገጠመው መካኒክ ግን ለአገርነሽ፣ «እንዲህ ለጠበቀ አዲስ ሞተር ቀጭኑ ሠላሳ ቁጥር ነው» ብሏት ነበር። ስንት ደጅ ጠንታ አንድ ቆርቆሮ አገኘች። ዘይት እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም።

ነገሩ የከረረው ታክሲዋ ዐባይ ድልድይ አፍ ላይ ሰው እንደ ጫነች ቀጥ ስትል ነው። የታክሲ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ሆዳቸውን ወደፊት አስቀድመው ተነሡና፣ «እህት አገርነሽ፣ የምትነጂው ታክሲ ሳይሆን በሽተኛ ነው። እሑድ ጧት ሰው ጭነሽ የቤዛዊትን ዳገት ሳትቆሚ ከወጣሽ በተራሽ ትቀጥያለሽ። ካልወጣሽ ግን ከሰልፉ ትወጫለሽ» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ያኔ የማይጨበጨብለት ውሳኔ አልነበረም።

አገርነሽ የተናደደችው ለራሷ አይደለም። እሷ ሌላ ሥራ አታጣም፤ ክንዱ ግን ሌላ ወንበር የለውም።

እሑድ ጧት የታኅሣሥ ብርድ ከሐይቁ ላይ እየተነሣ ፊት ይጋረፋል። አገርነሽ አሮጌውን ዘይት አፍስሳ አዲሱን ልትሞላ ስትል፣ እስቲ በፊት ልየው ብላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች። ከጫፉ ላይ ወፍራም ነገር እንደ ክር ተንጠለጠለ። ንጹሕ ነው፤ አዲስ የተሞላ ነው።

«ክንዱ!»

ክንዱ በሩ ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል። «ትናንት ገበያ ስትሄጂ አሮጌውን ደፍቼ ሞላሁልሽ። ቃሲም ነው የሰጠኝ፤ ለሞተር ጀልባው የሚያደርገው ነው። የሱ ጀልባ ዘጌን አልፎ ደቅ ደሴት ይደርሳል፤ ያንቺ መኪና አንዲት ጉብታ ታቅታት?»

አገርነሽ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሆኖም ፈገግታውን አይታ ተወችው። የሞላው ወድዷት ነው፤ ፈርቶላት ነው። ጆንያ አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር ገባች፣ ሳፋ ደቅና የዘይት መድፊያውን ቡሎን ፈታች።

ክንዱ ተጠግቶ ጆሮውን ሰጠ። ትንሽ ቆየ።

«ምነው፣ አልፈታ አለሽ?»

«ፈታሁት እኮ።»

«ታዲያ ምነው አይሰማኝም?»

«ስለማይወርድ ነዋ! እጅህን ስደድና እየው።»

ክንዱ ተንበርክኮ መዳፉን ከቀዳዳው ሥር ዘረጋ። ጠበቀ። ዘይቱ እየተልፈሰፈሰ መጥቶ መዳፉ ላይ ተጠቀለለና እዚያው ቁጭ አለ። ክንዱ ሲያሸው፣ እንደ ልማዱ ጣቶቹን ሲያላቅቅ፣ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«በብርድ ከቅል አልወርድ ያለ ማር» አለ ለራሱ። ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ዘይቱ ፀጉሩ ላይ ተለቀለቀ። «እኔ ደደብ! ወደ ታች መውረድ እንዲህ የለገመ፣ ወደ ላይ ማን ይገፋዋል? ጧት ጧት ላይኛው ብረት በደረቁ ሲፋጭ የኖረው በኔ ነዋ!»

«እኔ ምንም አልወጣኝም» አለች አገርነሽ ከሥር ሆና፣ ሳቋን እየዋጠች።

«ውጪ ከዚያ! ቡሎኑን ግጠሚና ሞተሩን አሙቂው፤ ካልሞቀ ተሟጦ አይወርድም። እኔ ነኝ የማፈሰው።»

አፈሰሰውም። ዐይን የሌለው ሰው ሳይሆን ዐሥር ዐይን ያለው ይመስል ነበር። አንድም ጠብታ ሳያስቀር አሟጠጠ፤ ሠላሳ ቁጥሩንም ራሱ ሞላ። ሲንቆረቆር እያዳመጠ፣ «እንዴት ይሮጣል በናትሽ!» አለ። ሞተሩ ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሣ።

ድልድዩ ዘንድ ባለታክሲዎቹ ሁሉ ለመሳቅ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ የፊቱን በር ከፍተው፣ ሳያስፈቅዱ የክንዱ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ፤ ሴይቼንቶዋ በአንድ ጎኗ ዘመም አለች። ክንዱ ከቃሲም ጋር ከኋላ ተጣጥፎ ተቀመጠ። ቃሲም ታዛቢ ተብሎ የተጠራ የሐይቁ ዳር ጀልባ ሠሪ ነው። «ዘይቴ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ለጀልባ ግሩም ነው» አለው ክንዱ።

ዳገቱ ጀመረ። አገርነሽ ነዳጅ ሰጠች። የመጀመሪያውን ኩርባ ዞረች፤ መኪናዋ አላቃሰተችም። መንገዱ ቀና ሲል ማርሽ ቀየረች፤ ከኋላ «ዘገየሽ!» የሚለውን ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። ዐባይ በታች በኩል እየጠበበ ሄደ፤ ሐይቁ በጀርባቸው ተዘርግቶ ታየ። ሊቀመንበሩ የዳሽቦርዱን ጫፍ ጨብጠው፣ አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትቆማለች እያሉ በሆዳቸው ሲጠብቁ፣ ሴይቼንቶዋ እየዘፈነች ወጣች። አገርነሽ ደስታው አላስችል ብሏት ጥሩንባውን አንባረቀችው፤ ከድልድዩ ማዶ እልልታ መለሰላት። ልትስቅባት የመጣችው ከተማ ናት እልል የምትለው!

አናቱ ላይ ሜዳው ዘንድ ቆመች።

«ለምን አጠፋሽው?» አለ ክንዱ ደንግጦ። «ደርሰናል እንዴ?»

«አላጠፋሁትም።»

ክንዱ ቃሲምን አስወርዶ ወረደ፣ እየዳሰሰ ሄዶ መዳፉን ከኋላ የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። ከመዳፉ ሥር ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ ሳይንቋቋ ይዞራል። ክንዱ እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ ማንም እንዳያየው አልተደበቀም።

«እህት አገርነሽ፣ በተራሽ ቀጥዪ» አሉ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሳይነሡ። «በይ መልሽን።»

ክንዱ መኪናዋን በእጁ እየተከተለ ወደ ፊት መጣና የፊቱን በር ከፈተ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ «እርስዎ ወደ ኋላ ይለፉ። ይቺ ወንበር የኔ ናት።»