የመታጠፊያው ጠጠር

በለጡ ጉንጩን ሐዲዱ ላይ አስተኝቶ የተዘረጋውን ሰው ስታይ የያዘችውን ጄሪካን ቁጭ አድርጋ፣ "ደግሞ ሌላ ሬሳ!" አለች።

ሬሳው አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ገና ነኝ፣ እትዬ" አለ በአማርኛ።

አምኃ ይባላል፤ ካርቱም ተወልዶ ያደገ የሐዲድ መርማሪ ነው። ሐዲድ ከመስመሩ መውጣት አለመውጣቱን የሚያየው እንዲህ ተኝቶ ነው። ጀብራ ከሚባለው የካርቱም ሰፈር ጀርባ ያለው የሐዲዱ መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጪ ሸሽቷል። ሐዲዱን የተሸከሙት የኮንክሪት ተጋዳሚዎች ጫፍ ድዱ እንደሸሸ ጥርስ አግጥጧል። ሁለት ሱዳናውያን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"የጎኑን ጠጠር ማን ወሰደው?" አለ አምኃ ጉንጩን እየጠረገ።

"እኔ። ክሰሰኛ!"

በአገጯ ያሳየችው ከቤቷ ፊት ለፊት ጠጠር የተቆለለበትን መቃብር ነበር። ጦርነቱ የበረታ ጊዜ ባሏን ገብረየስን የመድፍ ፍንጣሪ ገደለው፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ያለ ቄስ እዚያው ቀበረችው። በነጋታው ውሾች ሲቆፍሩት አገኘቻቸው። ጠጠሩን ከሐዲዱ በሳፋ ማመላለስ የጀመረችው ያን ቀን ነው። ጎረቤቶቿም እሷን አይተው በየሟቻቸው ላይ ከመሩ። በኋላ መንግሥት የጎረቤቶቿን ሟቾች አጽም ወደ መቅበራ፣ ወደ ከተማው መካነ መቃብር፣ አዛወረ፤ ጠጠራቸውም ወደ ሐዲዱ ተመለሰ። የገብረየስ ተራ ሲደርስ፣ "ኢቃማው የታለ?" ብለው የሟቹን የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቋት። "ይዞት ሄደ" አለቻቸው። ትተውት ሄዱ።

"ይኼ ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር የተበየደ ነው" አለ አምኃ። "እንደ ድሮው በየመገናኛው ክፍተት የለውም። ሲሞቅ መርዘም ይፈልጋል፤ መሄጃ ግን የለውም። በጎን የሚይዘው ጠጠሩ ነው። ጠጠሩን ካጣ ባቡሩ ላዩ ላይ እያለ እንደ እባብ ይጣጠፋል።"

"ታዲያ ባቡሩን አቁመዋ!"

"አይታለፍበትም ብዬ ጻፍኩ። አለቆቼ፣ 'ነገ ከስደት ተመላሾች ይገባሉ፣ ኸላስ፣ አለቀ' አሉኝ። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይፈርማል።"

"ቀስ ብሎ ይለፍ!"

"ባቡሩ ቀስ ቢል ፀሐይዋ ቀስ አትልም። ሌላ ጠጠር ደግሞ ይመጣል ይመጣል እያሉ ወር አለፈው። እስቲ እጅሽን ሐዲዱ ላይ አስቀምጪ፤ ገና በጠዋቱ ግሏል።"

አላስቀመጠችም። "ያንተ ብረት እንዳይሸሽ እኔ ባሌን ለውሻ ልስጥ? ወላሂ፣ ጥሩ ተምረሃል!"

አንደኛው ሠራተኛ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገባው። "ሐራም፣ ያ ባሽሙሃንዲስ! መቃብር አልነካም" አለው መሐንዲሱን፤ አካፋውንም ጣለ።

አምኃ አልተቆጣም። "ባቡሩ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ነው የሚጫነው፣ እትዬ" አለ። "ሕፃን አዝለው።"

"ሕፃን አትጥራብኝ!"

"እሺ።"

"ከገብረየስ ዘመድ አንድም አይሳፈርበትም።"

"አይሳፈርም።"

"እኔም የምጠብቀው ሰው የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

እሺታው ነው ያናደዳት። ቢጮህባት ኖሮ ድንጋይ አንስታ ትገጥመው ነበር። ፊቷን ወደ ቤቷ አዞረች። በጦርነቱ ጊዜ ዘራፊዎች የግድግዳውን የመብራት ሽቦ ሳይቀር መዘው ወስደዋል። ከብረት የቀራት በሯ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከውስጥ በሰንሰለት ጠፍራው ትተኛለች፤ ጀብራ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ሴት ያለ በር አታድርም።

"ያ በር ይከብዳል?" አለች።

አምኃ አየው። "ለሁለት ሰው ይከብዳል።"

"ውሻ አይገለብጠውማ?"

"አይገለብጠውም" አለና በጠጠሩ ፈንታ መቃብሩን ልትከድንበት መሆኑ ወዲያው ገባው። "እትዬ፣ ሌሊቱንስ አንቺ?"

"ሌሊቱን ለኔ ተወው። አንተ ሐዲድህን ጠብቅ።" ወደ ሠራተኞቹ ዞራ በዓረብኛ፣ "ያላ፣ በሩን ንቀሉና መቃብሩ አጠገብ አምጡልኝ" አለች። "ጠጠሩን ግን ማንም እንዳይነካ። የማነሣው እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሰንሰለቱን ከበሩ ልታወልቅ ቀድማቸው ገባች።