ለሁለት ክፍል አንድ ገመድ

ዲሽ ሰራተኛ ነኝ። ከድመት ቀጥሎ የሰፈሩን ጣሪያ የሚያውቅ ቢኖር እኔ ነኝ። ደንበኛ «ያለውን ገመድ ክፈለውና መኝታ ቤትም አንድ ቲቪ ግጠምልኝ» ሲለኝ ቱግ እላለሁ። «ሁለት ክፍል ሁለት ገመድ ነው! አንዱን ገመድ ለሁለት ከከፈልከው የዲሹ ጭንቅላት የሚታዘዘው ለአንዱ ሪሲቨር ብቻ ነው። ሳሎን ሌላ ቻናል ሲከፈት መኝታ ቤቱ ይጠፋል፤ ከዚያ እኔን ስትረግም ልትውል ነው!» እላለሁ።

በገዛ ቤቴ ያደረግኩት ግን ይህንኑ ነው። አባቴ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ በኋላ እኛ ጋ አምጥተን የኋለኛውን ክፍል ሰጠነው። አሮጌ ቲቪና ሪሲቨር ገጠምኩለት፤ ገመዱን ግን አውራ ጣት በምታክል ማከፋፈያ ከሳሎኑ ላይ ቀጠልኩት። «ለጊዜው ነው፤ እሁድ ሌላ ገመድ እስባለሁ» አልኳት ባለቤቴን። ስንት እሁድ አለፈ! ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጣሪያ ላይ ውዬ የራሴን መሰላል ማየት ያስጠላኝ ነበር።

አባቴ ጆሮው መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ስልክ ለእሱ ምኑም አይደለም። ቲቪውን የሚፈልገው ለታናሽ እህቴ ነው። እሷ ሩቅ አገር ባለ ጣቢያ የአየር ሁኔታ ታቀርባለች። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትራሱን ተደግፎ ይጠብቃታል፤ ያን ሰዓት ሳሎንም የምናየው እሷኑ ነው። ልትጨርስ ስትል ቀኝ ጆሮዋን፣ እሱ የገዛላትን ጉትቻ፣ ነካ ታደርጋለች። «ደህና ነኝ አባዬ» ማለቷ ነው። እሱም እጁን ወደ ቲቪው ያነሳል። ሁለቱንም ጆሮዋን ከነካች ደግሞ «እየመጣሁ ነው» ማለት ነው። አምና እንዲሁ አድርጋ በሦስተኛው ቀን ከች ብላለች።

የኳሱ ውድድር የመጣው አባቴ በጣም በደከመበት ሰሞን ነው። ጨዋታው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሳሎናችን በጎረቤት ይሞላል፣ ጩኸቱ ጣሪያ ይነቅላል። ረቡዕ ጨዋታው አልቆ፣ የሳሎኑን አጥፍቼ ራቱን ስወስድለት «ዛሬ አልመጣችም» አለኝ። ቲቪውን አየሁት፤ ጥርት ብሎ ይሰራል። ሸለብ አድርጎህ ነው ብዬ በምልክት አሳየሁትና ሳቅኩ።

ሐሙስ ቀን እህቴ ደወለች። «ጋሼ፣ ፈቃድ አገኘሁ! ቅዳሜ እገባለሁ። እንዳትነግረው፤ ዛሬም ነገም ራሴ እነግረዋለሁ» አለች። እንዴት ደስ አለኝ! ማታም ጨዋታ ነበር። ካለቀ በኋላ ስገባ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። «ዛሬም አልመጣችም። ተቀይማኝ ይሆን?» አለ። ቲቪው አሁንም ይሰራል። ወረቀት አንስቼ ልጽፍለት ቃጣኝና ለእሷ የገባሁት ቃል ያዘኝ። ነገ ያያታል አልኩ።

ዓርብ ማታ፣ ተጫዋቾቹ ለእረፍት ሲወጡ ውሃ ላደርስለት ገባሁ። አባቴ ትራሱን ተደግፎ ጥቁር ቲቪ ላይ አፍጥጧል። መሃሉ ላይ «ሲግናል የለም» ይላል። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ለሦስት ማታ ሳሎን ኳስ ስከፍት የእሱን ቻናል የማጠፋበት እኔው ነበርኩ፤ የሳሎኑን አጥፍቼ ስገባ ደግሞ ይመለሳል። ሰው ሲሰራው በሩቅ የማውቀውን ስህተት ራሴ ስሰራው አላየሁትም! እየሮጥኩ ሳሎኑን ድርግም አደረግኩት፤ ጎረቤት ሁሉ «ኧረ አብደሃል እንዴ?» አለ። ስመለስ ምስሉ መጥቷል፤ የሳሙና ማስታወቂያ ነው። የእሷ ሰዓት አልፏል።

ወረቀት ፈልጌ በትልልቁ «ነገ ትመጣለች» ብዬ ጻፍኩለት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ከዚያ እጄን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

«አትዋሸኝ ልጄ። ብትመጣ ኖሮ ራሷ ትነግረኝ ነበር።»

ማከፋፈያውን ነቅዬ አሳየሁት፣ ጆሮዬን ነካሁለት፣ ጻፍኩ፣ ማልኩ፣ አለቀስኩ። ላጽናናው የምለፋ መሰለው። «እሺ፣ እሺ» አለኝና ዓይኑን ከደነ። ሊነጋጋ ሲል አረፈ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ማንም ሳይነግራት ገባት። እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ አይቶኛል? ሁለቱን ጆሮዬን ስነካ አይቶኛል?»

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች።

«አይቶሻል» አልኩ።

«ምን አደረገ?»

እጄን አንስቼ አሳየኋት። «እንዲህ አደረገ» አልኳት። ያንን እጄን ይዛ ሳመችው። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ወኔ አጣሁ።

ሁለተኛውን ገመድ የሳብኩት ወደ ሥራዋ በተመለሰች በማግስቱ ነው። አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሳሎን ልጆቹ ኳስ እያዩ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ላይ የአባቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩ። እህቴ ስለ ዝናቡ ተናግራ ስትጨርስ፣ ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ ቀኝ ጆሮዋን ነካች። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር።