ሣልሳይ ማዕረግ የተሰጣት መርከብ

ከየብስ ተለይቶ ነፍሱን ለጥልቁ ባሕር የሚያስረክብ መንገደኛ፣ ከእግሩ በታች ያለው ሳንቃ ጤነኛ መሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ዳሶ የሚሳፈር እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚታመነው አይቶት በማያውቀው፣ ስሙንም ባልሰማው በአንድ መርማሪ ቃል ነው። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህ እምነት ለአማኙ ዕረፍትና መጽናናት ሲሆን፣ ለታማኙ ግን ቀንበርና ሰቀቀን መሆኑን ከምተርክልህ ነገር ትረዳለህ።

በእንፋሎት የሚሄዱ የብረት መርከቦች ቀይ ባሕርን ገና ባልሞሉበት በዚያ ዘመን፣ በምጽዋ ደሴት መዓልም ሷልህ የሚባል፣ በዕድሜ የሸመገለ፣ በጥበብ የበሰለ የመርከብ መርማሪ ነበረ፤ «መዓልም» በዚያ ባሕር ዳር ለሙያ ሊቃውንት የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ሥራውም ከወደቡ ሹም በተሰጠው ሥልጣን የእንጨት መርከቦችን በየዓመቱ እየመረመረ በሦስት ማዕረግ መመደብ ነበረ፤ ቀዳማይ የተባለችው ሰው ጭና ሰፊውን ባሕር ትሻገራለች፤ ካልዓይ የተባለችው ዕቃ ብቻ ይዛ ከየብሱ ሳትርቅ ትሄዳለች፤ ሣልሳይ የተባለችው ግን ከወደብ እንዳትወጣ ትታገዳለች። ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ ካረፈችው መርከብ ሥር ገብቶ፣ ሳንቃዋን በመዶሻ እየመታ፣ ሐኪም የድውይን ደረት እንደሚያዳምጥ ያዳምጣት ነበር፤ ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነውና።

ከዓመታት በአንዱ፣ በወርኃ ሰኔ፣ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ከዋድላ የወረዱ ሠላሳ አንድ ክርስቲያኖች በደሴቲቱ ቀርተው ነበር። የተስማሙት መርከብ ሳይመጣ ቀርቶባቸው፣ የመጡበትም መንገድ በሽፍቶች ተዘግቶባቸው፣ ድንጋይ በሚያግለው ሐሩር ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ፣ በንዳድ እየታመሙ ወገኖቻቸውን ይቀብሩ ጀመር። በወደቡ የቀረችው ብቸኛ መርከብ የነጋዴው የሐጂ ጀውሃር «ዘህራ» ነበረች፤ ሐጂውም እስከ ጅዳ ሊያሻግራቸው ፈቀደ፤ ነገር ግን ያለ መዓልም ሷልህ ማኅተም ሰው ማሳፈር ክልክል ነበረ።

ዘህራ ከላይ ሲያዩዋት ያማረችና የተዋበች ነበረች፤ ሸራ የሚሰቀልበት ደቀልዋ ቀጥ ያለ፣ ሸራዋም አዲስ፣ ጎኗም በዓሣ ዘይት የወዛ። መዓልም ሷልህ ወደ ሆዷ ወርዶ፣ መርከቢቱ ሁሉ የቆመችበትን የአከርካሪዋን ግንድ በወስፌ በወጋ ጊዜ ግን፣ ወስፌው እስከ እጀታው ሰመጠ፤ ሲያወጣውም የረጠበ ዱቄት የመሰለ ነገር ተከተለው። በሦስት ስፍራ ወጋ፤ በሦስቱም እንዲሁ ሆነ። የባሕር ትል ከውስጥ በልቶ ጨርሷት ነበር፤ ለመጠገኛ የሚሆነውም የሕንድ እንጨት ከመስከረም በፊት አይመጣም።

የተሳላሚዎቹ መሪ አሮጊቷ መነኩሲት እማሆይ ፀበለ ማርያም፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው በባሕሩ ዳር ይጠብቁት ነበርና፣ ፊቱን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው።

«መዓልም፣ ሳይሸሽጉ ይንገሩኝ፤ ትሰጥማለች?»

«ባሕሩ ተኝቶ ከሰነበተ ትደርስ ይሆናል፣ እማሆይ። አንድ ብርቱ ማዕበል ከመታት ግን ወገቧ ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዋና የሚያውቅም አይተርፍም።»

«ትናንት ሁለት ቀበርን፤ አሁንም አንዲት ሴት እያጣጣረች ትቻት መጣሁ። እዚህ መሞታችን የታወቀ ነው፤ በባሕሩ ላይ ግን ገና አልታወቀም። ያልታወቀውን ለምን ይነፍጉናል?»

መዓልም ሷልህ የረጠበውን ዱቄት ከወስፌው ላይ ጠረገ። «የእርስዎ ነፍስ ብቻ ቢሆን ፈቃድዎ ነው እል ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ግን ደኅና ናት ብዬ በሐሰት አትሜ ባሕር ላይ ልልክ አልችልም። እጄ እምቢ ይለኛል።»

«እንግዲያው በእጅዎ ላይ ነን» አሉት፤ በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ አቆሰለው።

በመዝገቡም «ዘህራ፣ ሣልሳይ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ቤቱን ለድውያኑ ለቀቀ፤ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅምበትን ጉድጓድ ከፈተላቸው፤ በገዛ እጁም ግንባራቸውን ያቀዘቅዝ ነበር። ንዳዱ ግን ደግነትን አላየም። በሐምሌ አጋማሽ እማሆይ ራሳቸው ወደቁ፤ በሦስተኛውም ቀን ዓይናቸውን ገልጠው «ያቺ መርከብ አሁንም አለች?» ብለው ጠየቁት። «አለች፣ እማሆይ» አላቸው። «ወደ መስኮቱ አዙሩኝ፤ ልያት» አሉ፤ እያዩዋትም ዐረፉ።

በነሐሴ መባቻ ሐጂ ጀውሃር ሹሙን አግባብቶ፣ ዘህራን ያለ ተሳፋሪ ሌጦ ጭኖ ወደ ጅዳ ሰደዳት። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ሰነበተ፤ መርከቢቱም በሃያ ቀን ውስጥ ደርሳ፣ ሸራዋን ነፍታ በሰላም ተመለሰች። በሕይወት የተረፉት ተሳላሚዎች በወደቡ ቆመው ተመለከቷት፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ሚስቱን የቀበረው ክንፈ ሚካኤል፣ ወደ መዓልም ሷልህ ቀርቦ፣ «ደርሳ መጣች እኮ፣ መዓልም። ባለቤቴ ግን እዚህ ቀረች» አለው። ሽማግሌው የአከርካሪዋን መበስበስ ሳያነሣ፣ ሰውየውን ወደ ቤቱ ወስዶ ውሃ ቀዳለት።

በመስከረም መጨረሻ ከሕንድ የመጣችን ጽኑ መርከብ መዓልሙ ቀኑን ሙሉ መርምሮ «ቀዳማይ» አላት፤ የቀሩት አሥራ ሁለቱም ተሳፈሩባት፤ አንድም ሰው ግን አልተሰናበተው። በዓመቱ ዘህራ ለማገዶ ስትፈርስ፣ አከርካሪዋ በአፍራሾቹ መዳፍ እንደ ዐመድ ተበተነ፤ ይህን አይቶ ስለ መርማሪው እውነተኛነት የሚመሰክር ከዋድላ ሰዎች አንድ እንኳ በዚያ አልነበረም። በሰው ነፍስ ላይ እንዲፈርድ የተሾመ ከሁለት ሞት አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውንም ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ሲቀብር ይኖራል።